የሕፃናት ክብደት አዝጋሚ ጭማሪ፦ ምልክቶቹ፣ መንስዔዎቹና ሊወሰድ የሚገባው እርምጃ

በየጤና ጣቢያውና በየጤና ኬላው ሕፃን በሚመዘንበት ሰዓት የወላጅ ዐይን ከሚዛኑ አይነቀልም። ካለፈው ወር ጥቂት ግራም ብቻ ጨምሮ የተገኘ ሕፃን ወላጆቹን ያሳስባል፤ ቤተ ዘመድና ጎረቤትም «ወተትሽ አልበቃውም» ማለት ይጀምራል። አንዳንዱ ቤተሰብ ባለሙያ ሳያማክር በዚያው ቀን ጡጦ ይገዛል፤ ሌላው ደግሞ «ቀስ እያለ ይሞላል» ብሎ ወራትን ያሳልፋል። ሁለቱም ውሳኔዎች ሕፃኑን ሊጎዱት ይችላሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕፃናት ክብደት አዝጋሚ ጭማሪ መቼ ተፈጥሯዊ፣ መቼ ደግሞ አሳሳቢ እንደሆነ ማስረዳትና ሊወሰዱ የሚገባቸውን እርምጃዎች ማመልከት ነው። ጉዳዩ የእናቶችና የጤና ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። የወለደች ሠራተኛ መቼና በምን ሁኔታ ወደ ሥራዋ እንደምትመለስ የሚወስኑ የሥራ ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው።

የተለመደው የክብደት አካሄድ

ጤናማ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ይቀንሳል። ይህም በአብዛኛው በሰውነቱ የነበረው ትርፍ ፈሳሽ በመውጣቱ ነው። ቅናሹ ከልደት ክብደቱ 7 በመቶ አካባቢ ቢደርስ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ወደ 10 በመቶ ከተጠጋ ግን አጠባቡ ሳይውል ሳያድር መታየት ይኖርበታል። 3 ኪሎ ግራም ሆኖ የተወለደ ሕፃን 200 ግራም ቢቀንስ አያስደንቅም፤ 300 ግራም ከቀነሰ ግን የባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል። አብዛኞቹ ሕፃናት ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የልደት ክብደታቸውን ይመልሳሉ።

ከዚህ በኋላ እስከ 3 ወር ድረስ ሕፃኑ በቀን በአማካይ ከ20 እስከ 35 ግራም ይጨምራል። ከ3 እስከ 6 ወር ጭማሪው በቀን ከ15 እስከ 20 ግራም ይሆናል፤ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ደግሞ ወደ 10 ግራም ገደማ ይወርዳል። ብዙ ሕፃናት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ የልደት ክብደታቸውን እጥፍ፣ በአንድ ዓመታቸው ደግሞ ሦስት እጥፍ ያደርሳሉ። እንግዲህ በ2ኛው ወር 900 ግራም የጨመረ ሕፃን በ5ኛው ወር 500 ግራም ብቻ ቢጨምር ተዳክሟል ማለት አይደለም። ፍጥነቱ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ መሄዱ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረገው የሕፃናት የዕድገት መለኪያ ለዚህ ዋነኛው ማመሳከሪያ ነው። መለኪያው የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ወደ 8 ሺህ 500 በሚጠጉ ሕፃናት ላይ በተካሄደ ጥናት ነው። ጥናቱ እንዳሳየው ጡት የሚጠቡና ተገቢውን እንክብካቤ የሚያገኙ ሕፃናት የትም አገር ይወለዱ ዕድገታቸው ተቀራራቢ ነው። በዚህ መለኪያ መሠረት የ6 ወር ወንድ ሕፃን መካከለኛ ክብደት 7.9፣ የሴት 7.3 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ዕድሜ ደግሞ 9.6 እና 8.9 ኪሎ ግራም ነው።

ከዚያ በፊት በብዙ አገሮች ሲሠራበት የቆየው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የወጣው ነበር። ይህ መለኪያ ያረፈው በአብዛኛው የዱቄት ወተት በጡጦ ይመገቡ በነበሩ ሕፃናት ላይ በመሆኑ፣ ጡት የሚጠቡ ጤናማ ሕፃናት ከ3ኛና ከ4ኛ ወር ጀምሮ ወደ ኋላ የቀሩ ያስመስላቸው ነበር። በዚህም የተነሳ ወተታቸው በቂ ሆኖ ሳለ ተጨማሪ እንዲሰጡ የተመከሩ እናቶች ነበሩ። ሕፃኑ ቀርቷል ከማለት በፊት በምን መለኪያ እንደተለካ መጠየቅ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩን ሳይሆን መስመሩን መመልከት

የአንድ ቀን ክብደት በዕድገት መከታተያ ካርድ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ፍርድ የሚሰጠው ነጥቦቹ ተያይዘው በሚፈጥሩት መስመር ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 6 ወር የሞላቸው ሁለት ወንድ ሕፃናት እያንዳንዳቸው 6.5 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በቁጥር እኩል ናቸው። የመጀመሪያው ሲወለድ 2.4፣ በ3 ወሩ ደግሞ 5.1 ኪሎ ግራም ከነበረ፣ ትንሽ ሆኖ ተወልዶ የራሱን መስመር ይዞ በማደግ ላይ ያለ ሕፃን ነው። ክትትሉ አይቋረጥበትም፤ አካሄዱ ግን መልካም ነው። ሁለተኛው በ3 ወሩ 6.4 ኪሎ ግራም የነበረ ከሆነ ግን በሦስት ወራት ውስጥ የጨመረው 100 ግራም ብቻ ነው። ይህ ሕፃን ዕድገቱ ቆሟል፤ ምክንያቱም በአስቸኳይ መፈለግ አለበት።

መስመሩ ሽቅብ የሚሄድ ከሆነ መልካም ነው። ጠፍጣፋ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። ቁልቁል ከወረደ ደግሞ አደጋ ነው። ጠፍጣፋው መስመር ሕፃኑ ገና የከሳ ሳይመስል የሚታይ በመሆኑ፣ ቤተሰቡና ባለሙያው ቀድመው እርምጃ እንዲወስዱ ዕድል ይሰጣል። የምግብ እጥረት ሲጀምር ክብደት ከቁመት ቀድሞ የሚጎዳ በመሆኑ፣ ጠፍጣፋውን መስመር በወቅቱ ማየት መቀንጨርን ለመከላከል ይረዳል።

መስመሩ እውነተኛ እንዲሆን ልኬቱ ትክክለኛ መሆን አለበት። በየጤና ኬላው የሚገኘው ተንጠልጣይ ሚዛን በብዛት በየ100 ግራሙ የተሰመረ ነው። ሕፃኑ ከመመዘኑ በፊት ከጠባ ወይም ካልሸና፣ ከባድ ልብስም ከለበሰ የአንድ ሳምንት ጭማሪ በሙሉ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ሚዛኑ በየጊዜው ዜሮ ላይ መስተካከል፣ ሕፃኑ ራቁቱን ወይም በቀላል ልብስ መመዘን፣ ከተቻለም በዚያው ሚዛን ደግሞ መለካት ይገባል። ጤናማ ሕፃን በየወሩ ቢመዘን በቂ ነው። ሥጋት ያለበት ትንሽ ሕፃን ግን በየሳምንቱ ወይም ባለሙያው በሚወስነው ጊዜ ይመዘናል። በየቀኑ መመዘን ጭንቀትን እንጂ ዕውቀትን አይጨምርም።

መንስዔዎቹ

የክብደት ጭማሪን የሚያዘገዩ ምክንያቶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያውና በብዛት የሚያጋጥመው ሕፃኑ በቂ ምግብ ወደ ሆዱ አለማስገባቱ ነው። ጡት አያያዙ ትክክል አለመሆን፣ ጡት የሚጠባበት ጊዜ መራራቅ፣ ሌሊት አለመጥባት፣ ጠብቶ ሳይጨርስ ከጡት መነጠል፣ ወይም ውኃና ሌላ ፈሳሽ እየተሰጠው ሆዱ መሙላት በዚህ ክፍል ይጠቃለላሉ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ መንታ የሆኑ፣ ወይም ምላሳቸው በሥሩ ባለው ክር ተይዞ እንደ ልብ የማይንቀሳቀስ ሕፃናትም ለመጥባት ይቸገራሉ።

ሁለተኛው ሕፃኑ የበላው በሰውነቱ ውስጥ አለመቆየቱ ነው። ተደጋጋሚ ተቅማጥና ትውከት ዋነኞቹ ናቸው። ሦስተኛው ሰውነቱ ከተለመደው በላይ ኃይል ማቃጠሉ ነው። የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪና አብሮ የተወለደ የልብ ሕመም ለዚህ ይጠቀሳሉ። እየጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ የሚደክመውና የሚያቋርጥ ሕፃን ልቡ መመርመር አለበት።

ከእነዚህ ጋር የእናትየዋ ሁኔታ አብሮ መታየት ይኖርበታል። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ድባቴ፣ ብቸኝነት፣ የደም ማነስ፣ የጡት ጫፍ መቁሰል፣ የቤት ውስጥ ጥቃትና የሥራ ጫና ሁሉ አጠባቡን ያስተጓጉላሉ። መጠነኛ የምግብ እጥረት ያለባት እናት እንኳን በአብዛኛው ለልጇ የሚበቃ ወተት ታመነጫለች። ስለዚህ «ወተት የላትም» ከመባሉ በፊት ሕፃኑ በትክክል መጥባቱ ይፈተሻል።

ሕፃኑ በቂ ወተት ማግኘቱ እንዴት ይታወቃል

ጡት ካጠቡት በኋላም ማልቀሱ ብቻውን የወተት ማነስ ምልክት አይደለም። ሕፃን በብርድ፣ በሙቀት፣ በሆድ ቁርጠት ወይም መታቀፍ በመፈለጉም ያለቅሳል። ይልቁንም ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ነጣ ያለ ሽንት የሚሸና፣ ሲጠባ የመዋጥ ድምፁ የሚሰማ፣ ነቅቶ የሚጫወትና የክብደት መስመሩ ሽቅብ የሚሄድ ሕፃን በቂ ወተት እያገኘ ነው። ሽንቱ ያነሰና የጠቆረ፣ ብዙ የሚተኛና ለመጥባት የማይነቃ ሕፃን ግን ጸጥተኛ በመሆኑ ብቻ ደህና ነው ሊባል አይገባም። የተራበ ሕፃን ጉልበቱ ሲያልቅ ማልቀሱን ሊያቆም ይችላል።

በቤት ውስጥ ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

እስከ 6 ወር ድረስ ሕፃኑ የሚያስፈልገው የእናት ጡት ወተት ብቻ ነው። ወተቱ ከመቶ 87 እጁ ያህል ውኃ በመሆኑ በቆላማ አካባቢም ቢሆን ተጨማሪ ውኃ አያስፈልገውም። ጭማሪው የዘገየበት ሕፃን ሲያጋጥም በቅድሚያ የሚከተሉት ይፈጸማሉ።

ሕፃኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ቀንም ሌሊትም ይጥባ። ወተት የሚመረተው ጡት በተጠባ መጠን ነው። የሌሊቱ መጥባት ወተት የሚያመነጨውን ሆርሞን ስለሚያበረታ መተው የለበትም።

አያያዙ ይታይ። አፉ በሰፊው የተከፈተ፣ አገጩ ጡቱን የነካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ የተገለበጠ፣ ከጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ደግሞ ከታች ይልቅ ከላይ በኩል የበለጠ የሚታይ ከሆነ ይዞታው ትክክል ነው። ጫፉን ብቻ የያዘ ሕፃን ግን እናቱን ያቆስላል እንጂ አይጠግብም።

አንዱን ጡት ጠብቶ ራሱ እስኪለቅ ይጠበቅ፤ ከዚያም ሌላው ይሰጠው። ለመጥባት ለሚደክመው ሕፃን ወተቱ በንጹሕ እጅና ዕቃ ታልቦ በሲኒ ወይም በማንኪያ ይሰጠው። ለማጽዳት ከሚያስቸግረው ጡጦ ሲኒ ይመረጣል።

እናት ከወትሮው ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ምግብ ትብላ፤ ትረፍ። አጥሚቱም ሆነ ሌላው የአራስ ምግብ የሚጠቅመው የቤት ሥራውን ባልና ቤተሰብ ሲጋሩላት ነው።

የዱቄት ወተት ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መጀመር ችግሩን የሚፈታ ቢመስልም፣ ሕፃኑ ጡት የሚጠባበትን ጊዜ ስለሚቀንስ የእናቲቱን ወተትም ይቀንሳል። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ወይም ዱቄቱ እንዲበረክት ተብሎ በሚቀጥንበት ቤት ደግሞ ተቅማጥንና የምግብ እጥረትን ያስከትላል። በሕክምና ምክንያት የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት አሉ። ለእነርሱ መጠኑና አዘገጃጀቱ በባለሙያ ይወሰናል።

ከ6 ወር በኋላ

6 ወር ሲሞላው ጡት ብቻውን አይበቃም። በዚህ ዕድሜ ክብደታቸው የሚቆም ብዙ ሕፃናት የሚጎዱት ተጨማሪ ምግብ በመዘግየቱ ወይም በመቅጠኑ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ በመሆኑ በውኃ የቀጠነ አጥሚት ይሞላዋል እንጂ አይገነባውም። ገንፎው በማንኪያ ሲነሳ የማይፈስ መሆን አለበት፤ ከጥራጥሬ ዱቄት፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከተፈጨ አትክልትና ከጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጋር ሲዘጋጅ ኃይሉም ጥራቱም ይጨምራል። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ጀምሮ ከ3 እስከ 4 ጊዜ መመገብ፣ ጡቱንም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ መቀጠል ይመከራል። ከታመመ በኋላ የሚያገግም ሕፃን ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል።

በአገራችን ይህ ክፍተት ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት 59 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ የነበረ ሲሆን፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛ የአመጋገብ መጠን ያገኙት ግን 11 በመቶ ብቻ ነበሩ።

መወገድ ያለባቸው ልማዶች

ሕፃን ሲከሳ ምክንያቱን ከቡዳ ወይም ከእንጥል መውረድ ጋር ማያያዝ በአንዳንድ አካባቢዎች ይታያል። እንጥል ማስቆረጥና «የወተት ጥርስ» ማስወጣት ደም መፍሰስን፣ ቁስልንና መንጋጋ ቆልፍን የሚያስከትሉ አደገኛ ድርጊቶች ናቸው። የቆሰለ አፍ ደግሞ ጨርሶ አይጠባም። እንዲሁም ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማላስ፣ የአብሽ ውኃ ወይም ስኳር በጥብጦ መስጠትና እንገርን አልቦ መድፋት ሕፃኑን ከመጀመሪያው የበሽታ መከላከያ ያርቀዋል። እነዚህን ልማዶች ለማስቀረት አያቶችንና የመንደር ሽማግሌዎችን ማሳመን እናቲቱን ብቻ ከመውቀስ የተሻለ ውጤት አለው።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

መጥባት ወይም መዋጥ ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ራሱን የሳተ ወይም እጅግ የደከመ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ የሚተነፍስ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለው ወይም ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ሕፃን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነም ሊያድር አይገባም። ከ6 ወር በላይ ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከፍተኛ የምግብ እጥረት አለበትና ሕክምና ያስፈልገዋል።

ከእነዚህ ምልክቶች ውጭም በ2 ሳምንቱ የልደት ክብደቱን ያልመለሰ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት በሁለት ተከታታይ ልኬት በቂ ጭማሪ ያላሳየ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ክብደቱ የቀነሰ ሕፃን ቀጣዩ የክትባት ቀን ሳይጠበቅ መታየት አለበት።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ 30 ቀን የቅድመ ወሊድና 90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ጡት ብቻ እንዲጠባ የሚመከርበት ጊዜ ግን 6 ወር ነው። በሁለቱ መካከል ወደ 3 ወር የሚጠጋ ክፍተት አለ። እናት ለሥራና ለጉዞ በቀን 10 ሰዓት ከቤት ብትለይ፣ በቀን 8 ጊዜ ይጠባ የነበረ የ3 ወር ሕፃን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ጡት ሳያገኝ ይውላል። በቤትና በጤና ጣቢያ የተሰጠው ምክር ሁሉ በዚህ ሰዓት ሊፈርስ ይችላል። የክብደት መስመሩ በ4ኛው ወር ጠፍጣፋ ሲሆን ምክንያቱ የእናት ቸልተኝነት ሳይሆን የሥራ ሰዓቷ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከብዙ መሥሪያ ቤቶች አቅም በላይ አይደለም። የሚዘጋ በር፣ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና ማቀዝቀዣ ያለው አንድ ክፍል፣ እንዲሁም በሥራ ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዕረፍት ለአንዲት እናት ወተቷ እንዳይደርቅ ያደርጋሉ። የታለበ ወተት በቀዝቃዛ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ሊቆይ ይችላል። የሕፃናት ማቆያ ያለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ይህንኑ ጉዳይ ከሥሩ ይፈታል። ኃላፊው ለወለደች ሠራተኛ የመስክ ሥራንና የምሽት ስብሰባን ማቅለል የሚችለው ያለ አንዳች በጀት ነው። ባለቤቱ የወለደችለት ወንድ ሠራተኛም ሕፃኑን ለማስመዘን ፈቃድ ሲጠይቅ እንደ ቅንጦት ሊታይበት አይገባም።

ጉዳዩ የአገር ኢኮኖሚም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የረሃብ ዋጋ ጥናት፣ በሕፃንነት ያጋጠመ የምግብ እጥረት ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በ2009 ብቻ 55.5 ቢሊዮን ብር ወይም ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርቷ 16.5 በመቶ እንዳሳጣት አመልክቷል። ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 58 በመቶ በ2019 ወደ 37 በመቶ ዝቅ ማለቱ ጥረቱ ፍሬ እንዳለው ያሳያል። ይሁንና በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተገባው ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ በመሆኑ የቀረው መንገድ አጭር አይደለም።

የሕፃን ክብደት መዘግየት በአብዛኛው በጊዜ ከተደረሰበት የሚስተካከል ችግር ነው። ለዚህም ቤተሰቡ ሕፃኑን በየወሩ ማስመዘን፣ ባለሙያው ነጥቦቹን አያይዞ መስመሩን ማንበብና ለእናቲቱ ማስረዳት፣ መሥሪያ ቤቱም ለማጥባት ጊዜና ቦታ መስጠት ይጠበቅባቸዋል። ከሦስቱ አንዱ ድርሻውን ካልተወጣ የሌሎቹ ድካም ጎደሎ ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ሕፃኑ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚታየው ጭማሪ የሁሉም የሥራ ውጤት ነው።